በውሃ ብቻ 5 ቀን መጾም፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው እንዴት ይግባ፣ እንዴትስ ይውጣ?

ሰሚት_72
ሰላም ለዚህ ቤት። ውሃ ብቻ እየጠጣሁ 5 ቀን ለመቆየት አስቤያለሁ። ከአንድ ቀን በላይ ሞክሬ አላውቅም። የሚያስፈልገውን ላስቀድም፦ ወንድ፣ 41 ዓመት፣ 84 ኪሎ፣ ቁመት 1 ሜትር ከ72፤ ለደም ግፊት በቀን አንድ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም፤ ስኳር የለብኝም፤ በቀን 3 ስኒ ቡና። ውሃው ስንት ሊትር ይሁን? ጨው ይገባበታል ወይ? የትኛው ቀን ነው የሚከብደው? በምንስ ልግደፍ? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ጎመን_በጤና
ሰላም ሰሚት። መጨረሻ ላይ የጠየቅከው ነው አንደኛው ጥያቄ። በውሃ ጾም ሰው በጽኑ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሲጾም ሳይሆን ሲገድፍ ነው። እሱን በሰፊው እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ልንገርህ፣ ያለዚያ ምክሩ ትርጉም አይሰጥም።

የመጨረሻ እራትህን ከምሽቱ 1 ሰዓት በላህ እንበል። እስከ ማግስቱ ምሽት የምትኖረው በዋናነት ጉበትህ ባጠራቀመው ስኳር ነው፤ ግላይኮጅን ይባላል፣ 100 ግራም ገደማ ነው። ጡንቻም ከ300 እስከ 500 ግራም ያከማቻል፤ ግን የራሱን ለራሱ ነው፣ ወደ ደም አያበድርም። አንጎል ብቻውን በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ይጨርሳል። ስለዚህ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ የጉበቱ ጎተራ ይራቆታል። ከዚያ ጉበት ስብን ወደ ኬቶን መለወጡን ያፋጥናል፤ ኬቶኑ አንጎልን በቅጡ መመገብ እስኪችል ግን ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ የጎደለው ግሉኮስ የሚሠራው በአብዛኛው ከጡንቻ ፕሮቲን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ከ60 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ይሄዳል፤ ወደ ሥጋ ሲመነዘር ከሩብ ኪሎ ያልፋል።

የትኛው ቀን ይከብዳል ላልከው፣ ከሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እስከ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ያለው ነው። ስኳሩ አልቋል፣ ኬቶኑ ገና አልደረሰም። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ረሃቡ ግን በየሰዓቱ እየጨመረ የሚሄድ ነገር አይደለም። በለመድከው የምግብ ሰዓት ይነሳል፣ ካለፈ ይበርዳል። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል የለመደ ሰው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይፈተናል፤ 8 ሰዓት ላይ ረስቶታል።

5 ቀኑን ግን ተወው። መጀመሪያ 24 ሰዓት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተህ 36 ሰዓት፤ እሱ በሰላም ካለፈ 72 ሰዓት። ከዚያ የረዘመው ሐኪም ሳያይህና ደምህ ሳይመረመር በቤት የሚሞከር አይደለም።

የመድኃኒት_ቤት_ደጅ
ወንድሜ ሰሚት፣ ስለ ምግቡ ከማውራታችን በፊት የምትውጠው ክኒን ራሱ ያቆምሃል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያሸና መድኃኒት ነው፤ ሶዲየምና ፖታሲየም በሽንት ያስወጣል። ጾሙም በበኩሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ ምግብ ሲቆም ኢንሱሊን ይወርዳል፣ ኢንሱሊን ሲወርድ ኩላሊት ጨው መያዙን ይተዋል፣ ጨው ሲወጣ ውሃም ተከትሎት ይሄዳል። ሁለቱ ሲደራረቡ በሁለተኛው ቀን ከአልጋ ስትነሳ ዓይንህ ይጨልማል፤ ፖታሲየምህ ከወረደ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል። «እንግዲያው ክኒኑን ላቁመው» እንዳትል፤ በራስህ ማቆምም ሌላ አደጋ ነው። ያዘዘልህን ሐኪም አናግር፤ መጠኑን ይቀንስ፣ ይቀይር ወይም «አትጹም» ይበልህ፣ የሚወስነው እሱ ነው።

ሌሎች አንባቢዎችም ስላላችሁ እዚሁ ልጨርሰው። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም ዳኦኒልና የመሳሰሉትን የስኳር ክኒኖች የሚውጥ ሰው ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ እስከ ራስ መሳት ይወርዳል። ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር ክኒኖች የሚወስድ ሰው ደግሞ መለኪያው ላይ ስኳሩ ደህና መስሎ እየታየ ደሙ በኬቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል፤ ይህኛው አታላይ ስለሆነ ነው የሚያስፈራው። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) እና ሊትየም (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) የሚወስዱም አይሞክሩት፤ የመድኃኒቱ ልክ ይዛባል። ለራስ ምታት ብላችሁ በባዶ ሆድ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትዋጡ፤ ጨጓራ ያደማል፣ ውሃ ያጠረውን ኩላሊትም ይጎዳል። የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ለጾም ሲል አንድም ክኒን አይዝለል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነርስ
የመድኃኒት ቤቱ ሰው በመድኃኒት በኩል የዘረዘረውን እኔ በሰው በኩል ልጨምር። እርጉዝ፣ የምታጠባ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ፣ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የልብ ምት ሕመም ያለበት፣ ሪህ ያለበት፣ የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ከምግብ ጋር የተጣላ ታሪክ ያለው ሰው (ራስን ማስራብ፣ በልቶ ማስመለስ) አይጹም። ቀጭን ሰውም አይጹም። ኪሎህን በሜትር ለለካኸው ቁመትህ ሁለት ጊዜ አካፍል፤ ውጤቱ ከ20 በታች ከሆነ ለዚህ የሚሆን ስንቅ ሰውነትህ ላይ የለም። ሰሚት 28.4 ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለበትም።

ሪሁን ለምን ጠቀስኩ? ኬቶንና ዩሪክ አሲድ በኩላሊት የሚወጡበት በር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ኬቶን ሲበዛ ዩሪክ አሲድ ወደ ኋላ ይቀርና ደም ውስጥ ይከማቻል። ሪህ የሚነሳበት ሰው በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቱ ሊያብጥ ይችላል። የሐሞት ጠጠርም በፍጥነት ኪሎ ከመቀነስ ጋር ይመጣል፤ ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ረጅም ጾም የሚደጋግሙ ሰዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ምርመራ የምታደርግ ከሆነ ኩላሊት (አርኤፍቲ የሚሉት)፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፎስፌት፣ ዩሪክ አሲድ፣ የጾም ስኳር፤ ከ40 ዓመት በላይ ላለ ሰው ደግሞ የልብ ኢሲጂ።

ወገበ_ቀጭን
በ3 ቀን 4 ኪሎ ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

ጎመን_በጤና
ሚዛኑ ላይ አዎ፣ ስብ ላይ አይደለም እህቴ። አንድ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ሲያልቅ ውሃውም ይወጣል። በዚያ ላይ ከጨው ጋር የሚወጣው ውሃ አለ፣ የአንጀት ይዘትም አለ። አሁን ስቡን አስቢው፦ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚያቃጥል ሰው በ3 ቀን 6,000 ያቃጥላል፤ ከዚያ ላይ የግላይኮጅኑና የጡንቻው ድርሻ ሲቀነስ ከስብ የሚሄደው ከ600 እስከ 700 ግራም ቢሆን ነው። ሌላው መብላት በጀመርሽ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ኪሎ ለመቀነስ ብቻ ከሆነ እራትን አሳንሶ ለወራት መቀጠል ይሻላል፤ ጡንቻም አይበላም።

ስለ «ኦቶፋጂ» የሚወራውንም አብሬ ልንካው። ሴሎች የራሳቸውን ያረጀ ክፍል መልሰው እንደሚጠቀሙበት ለተደረገ ምርምር ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ መሠረታዊ ሥራቸው ግን በእርሾ ላይ ነበር። «በ48ኛው ሰዓት ይጀምራል፣ በ72ኛው ይጠናቀቃል» እያሉ የሚዞሩት ሠንጠረዦች በሰው ላይ የተለካ መሠረት የላቸውም። ሰዓት ለመሙላት ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

የአምቦ_ልጅ
አምቦ ውሃ ይቻላል? ማዕድን ስላለው ጨው አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ስለ ውሃው መጠንም ማንም አልመለሰም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነርስ
አምቦ ይቻላል፤ ግን ጋዙ ባዶ ሆድን ይነፋል፤ ከፍተህ ጋዙ ሲወጣለት መጠጣት ይሻላል። ማዕድኑ ጥሩ ነው፣ በጾም የሚወጣውን ሶዲየም ግን አይተካም።

ውሃው በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር፣ ጥማትን እየተከተልክ፣ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ያህል። ከዚህ በላይ ማንቆርቆር ጥቅም የለውም፣ ጉዳት ግን አለው። ኩላሊት ውሃ ለማስወጣት የሚሟሟ ነገር አብሮ ማስወጣት አለበት፤ ጨውና ከፕሮቲን የሚመጣ ዩሪያ ማለት ነው። የማይበላ ሰው ይህ ስለሚያንሰው ውሃ የማስወጣት አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። ጤነኛ የሚበላ ሰው የሚችለው 5 ወይም 6 ሊትር በጾመ ሰው ደም ውስጥ ሶዲየምን አቅጥኖ አንጎል ሊያሳብጥ ይችላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስ መንቀጥቀጥ ነው፤ «ውሃ አነሰኝ» ብሎ ጨምሮ የጠጣ ሰው ያባብሰዋል። ጸበል ቦታ ሱባኤ የያዙ ሰዎች ምግብ ሳይቀምሱ ጸበሉን በብዛት ሲጠጡም ይኸው ነገር ሊደርስ ስለሚችል፣ ከታማሚ ጋር የሄዳችሁ ልብ በሉ።

ሽንት ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ልክ ነው። እንደ ውሃ ጥርት ካለ በዝቷል፤ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ አንሷል።

ጨው፦ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ለሌለበት ሰው የሻይ ማንኪያ ሩብ (1 ግራም ተኩል ገደማ) በግማሽ ሊትር ውሃ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ እየተጎነጩ። በአንድ ትንፋሽ ከጠጡት ያስቀምጣል። ሰሚት፣ አንተ የግፊት ታማሚ ስለሆንክ ይህን መጠን ከዚህ አትውሰድ፣ ከሐኪምህ ውሰድ።

የመድኃኒት_ቤት_ደጅ
በጨው ላይ አንድ ማሳሰቢያ። «ሶዲየሙ የቀነሰ» እየተባለ የሚሸጠው ጨው በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበት ነው። ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ፣ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይህን በውሃ በጥብጦ ቢጠጣ ደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከልክ በላይ ጨምሮ ልብ ሊያቆም ይችላል። የፖታሲየም ዱቄት በኢንተርኔት እየገዛችሁ በማንኪያ አትለኩ። እስከ 3 ቀን ላለ ጾም ጤነኛ ሰው የተለየ ፖታሲየም አያስፈልገውም።

ለምለም (ኦአርኤስ) 2 ፓኬት ቤት ውስጥ ይኑር። በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ ስላለው የውሃ ጾም ለሚል ሰው ጾም ማፍረሻ ነው፤ አስፈላጊነቱም እዚያ ላይ ነው። ሰውዬው ከተዝለፈለፈ ስኳርም ጨውም ፖታሲየምም በልኩ ያለው እሱ ነው። አንዱን ፓኬት በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አወፍራችሁ አትስጡ።

አክፋይ
እናንተ ሰዎች ነገሩን አከበዳችሁት። አባቶቻችንና እናቶቻችን ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ትንሣኤ ሲያከፍሉ ውሃም አይቀምሱም፤ በዚያ ላይ ይሰግዳሉ። ማን ጨው በጥብጦላቸው ያውቃል?

ጎመን_በጤና
አክፍሎትን በክብር ነው የማነሳው፤ ግን ሁለቱን ብናነጻጽር መልካም ነው። አክፍሎት ቢረዝም የሁለት ቀን ተኩል ያህል ነው፤ ሰሚት ያሰበው 5 ቀን ነው። የሚያከፍለው ሰው ከ50 ቀን በላይ በዐቢይ ጾም እስከ ቀትርና ከዚያም በኋላ ሳይበላ መቆየትን ለምዶ ነው እዚያ የሚደርሰው፤ ከእሁድ የቅበላ ሥጋ ተነስቶ ሰኞ የጀመረ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን፣ እርጉዝን፣ የምታጠባን አታስገድድም። ውሃ የማይጠጣ ሰው ደግሞ ሶዲየሙ አይቀጥንም፤ እሱ የሚጎዳው በድርቀት ነው። ችግሩ የተለያየ ስለሆነ ጥንቃቄውም ይለያያል።

ከእናቶቻችን የምንወስደው ትልቅ ነገር አገዳደፉን ነው። የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት ተልባ የሚቀርብበት ቤት አለ። ተልባ ልዝብ ነው፣ ስኳር የለውም፣ ጥቂት ተጠጥቶ ሆድ እስኪነቃ ይጠበቃል። ያንን ትዕግሥት ነው ዛሬ ያጣነው።

አክፋይ
እውነት ብለሃል፣ በእኛም ቤት ተልባ ነው የሚቀድመው። የአገዳደፉን ነገር ቀጥልበት እስቲ፣ እኔም ልማር።

ጎመን_በጤና
እሺ። መጀመሪያ ምክንያቱ።

ሰው ሲጾም ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሲለካ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሴሎቹ ውስጥ ያለው ክምችት ግን ተመናምኗል። በድንገት ብዙ ስኳር ወይም እንጀራ ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳና እነዚህን ማዕድናት ከደም እየሳበ ሴል ውስጥ ያስገባል። ደም ውስጥ በሰዓታት ይወርዳሉ። ፎስፌት ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ የመተንፈሻ ጡንቻም ጭምር፤ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሲወርዱ ልብ ምቱን ይስታል። ስኳሩን ለማቃጠል ቪታሚን ቢ1 ስለሚያስፈልግ የቀረችው ጥቂት ቢ1 ታልቃለች፤ እሷ ስታልቅ አንጎል ይጎዳል። ኢንሱሊኑ ጨውና ውሃ መልሶ ስለሚይዝ እግር ያብጣል። ይህ ሁሉ የሚመጣው በአብዛኛው ምግብ በተጀመረ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ነው፤ ሰውየው «በሰላም ጨረስኩ» ብሎ በተዝናናበት ሰዓት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከምርኮ የወጡ የተራቡ ሰዎች ከረሃቡ ተርፈው ምግብ ሲጀምሩ የሞቱት በዚህ ነው።

ላስፈራራችሁ አልፈልግም። በደንብ ሲመገብ የኖረ ሰው 3 ቀን ቢጾም ይህ የመድረሱ ዕድል ትንሽ ነው። ከ5 ቀን ሲያልፍ ግን በእንግሊዝ ሐኪሞች የሚሠሩበት መመሪያ ሰውየውን ከተጋላጮች ተርታ ይቆጥረዋል፤ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ባልበለጠ ምግብ ይጀመርለት ይላል። 10 ቀን ካለፈ በኪሎ ከ10 ካሎሪ አይበልጥም፤ ቢ1ም በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም። አስቀድሞ የከሳ፣ መጠጥ የሚያበዛ፣ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዚያም ቀድሞ ይሰጋለታል።

ለ72 ሰዓት ጾም እንዲህ ይሁን። ከመጀመሪያው ጉርሻ ግማሽ ሰዓት በፊት ቢ1 100 ሚሊግራም። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ እርጎ፣ ስኳርም ማርም ሳይገባበት፣ በማንኪያ በ15 ደቂቃ ውስጥ። እርጎን የመረጥኩት ፎስፌትም ፖታሲየምም ስላለው ነው። ወተት የማይስማማው አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይብላ። 2 ሰዓት ጠብቆ አንድ ጭልፋ የዝኩኒና የካሮት ሾርባ፣ ትንሽ ዘይትና ጨው ያለበት፣ በርበሬ የሌለበት። ሌላ 2 ወይም 3 ሰዓት ቆይቶ የእንጀራ ሩብ በቀጭን ሽሮ ወይም በአልጫ ምስር። ማታ ከመተኛቱ በፊት ያው እርጎ ወይም ሩብ አቮካዶ። በዚህ ቀን ድምሩ ከ1,000 ካሎሪ አይለፍ። በሁለተኛው ቀን በየምግቡ ግማሽ እንጀራ፣ እንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ዓሣ። በሦስተኛው ቀን ወደ ተለመደው መጠን፤ ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጥብስና መጠጥ ግን እስከ አምስተኛው ቀን ይቆዩ።

የሚያበላሹት የታወቁ ናቸው። አንደኛው ስፕሪስና ማንጎ ጁስ፤ «ፍራፍሬ ነው፣ ይቀላል» ተብሎ ባዶ ሆድ ላይ የስኳር ጎርፍ ይለቀቃል። ብርዝም ያው ነው። በሶ በስኳርም ያው ነው፣ ገብስ ጤናማ ቢሆንም መጠኑ አይታወቅም። ሌላው በአንድ ጊዜ መጥገብ፤ ተቅማጥና ቁርጠት ያመጣል፤ ተቅማጡ ደግሞ የቀረውን ፖታሲየም ይዞት ይሄዳል። የምትገድፍበትን ቀን ከሠርግ፣ ከክርስትና፣ ከማኅበር ቀን አርቀው። «አንድ ጉርሻ ብቻ» የሚል ዘመድ ባለበት ቤት ሩብ እንጀራ ላይ የሚያቆም ሰው የለም።

ወገበ_ቀጭን
ከመጾም በፊት ሆድ ለማጽዳት ኮሶ ወይም ሰናመኪ መጠጣት ይረዳል?

የመድኃኒት_ቤት_ደጅ
በፍጹም። ኮሶ የትል መድኃኒት ነው፣ መጠኑ የማይታወቅ መርዛማነትም አለው። ሰናመኪ በበኩሉ ከአንጀት ውሃና ፖታሲየም ያጥባል፤ በጉድለት ጾም መጀመር ነው። በጾሙ ወቅት ለቀናት ሰገራ አለመውጣቱ ደንብ ነው፣ የገባ የለምና። ምግብ ከጀመርሽ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ይመለሳል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነርስ
ዝግጅቱ ላይ ቡናው ተረስቷል፤ ለሐበሻ ዋናው ራስ ምታት እሱ ነው። ቡና በድንገት ያቆመ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይብሳል፣ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ይህ ከጾሙ ከባድ ሰዓት ጋር ሲገጥም ሰው «ጾሙ አልተስማማኝም» ይላል። ከ8 ቀን በፊት ጀምረህ ቀንስ፦ በረካን ለ3 ቀን ተው፣ ቶናን ለ3 ቀን ተው፣ አቦሏን በመጨረሻዎቹ 2 ቀናት በግማሽ ስኒ ጨርስ። በጾሙ ውስጥ ያለ ስኳር ቡና ይጠጣ የሚሉ አሉ፤ ስኳር ባያነሳም ባዶ ጨጓራን ይመታል፣ ልብም ያስመታል። ለጀማሪ ይቅር።

ከመጀመርህ በፊት ባሉት 2 ቀናት ቅበላ አታድርግ። ሥጋና ጣፋጭ ጠግቦ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ቀን በሆድ ድርቀትና በስኳር መዋዠቅ ያሳልፋል። ጎመን፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ትንሽ እንጀራ ይበቃል።

በጾሙ ውስጥ በየጠዋቱ ግፊትህን ሁለቴ ለካ፦ ተኝተህ አንዴ፣ ተነስተህ 3 ደቂቃ ቆመህ አንዴ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ሰውነትህ ውሃና ጨው አጥቷል፤ የዚያን ቀን ጾሙ ያበቃል። ስትነሳ መጀመሪያ ተቀመጥ፣ ቀጥለህ ቁም። ሰው የሚወድቀው ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ነው፤ ሰድር ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን የሚመታው በዚያ ሰዓት ነው። ሙቅ ሻወር፣ ስቲም፣ ሳውና የለም። ጂምና ኳስ የለም፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይበቃል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ መኪና አትንዳ። ብቻህን በምትኖርበት ቤት አትጹም፤ ጠዋትና ማታ የሚያይህ ሰው ይኑር፤ እሱም ምልክቶቹን ይወቅ።

በግሉኮስ መለኪያ ከ54 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከታየ፤ ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዝለል፣ ቁጭ ባልክበት ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት፣ የጡንቻ መዛል ወይም ለ8 ሰዓት ሽንት አለመምጣት ከመጣ ነገሩ በቤት አያልቅም። ራሱን ላወቀ ሰው ለምለም እየተጎነጨ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ምንም በአፍ ሳይሰጥ፣ ወደ ሐኪም። አገር ቤት 907፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101።

ዱባይ_ዴይራ
ዐረብ አገር ያላችሁ ደግሞ በበጋው ሙቀት ደጅ የምትሠሩ ከሆነ ይህን አትሞክሩ። በላብ የሚወጣው ጨው ከላይ በተጻፈው መጠን አይመለስም። ሰው ቤት ተቀጥራችሁ የማረፍ ፈቃድ የሌላችሁም እንዲሁ፤ ደረጃ ወጥቶ መስኮት የሚያጸዳ ሰው በባዶ ሆድ ማዞር ይገድለዋል።

የአምቦ_ልጅ
በስኮትላንድ አንድ ሰው 382 ቀን ጾሞ ምንም አልሆነም ይባላል። ታዲያ 5 ቀን ምን ያስፈራል?

ጎመን_በጤና
አንገስ ባርቢየሪ ነው፤ በፈረንጆች ከ1965 እስከ 1966፣ ዳንዲ ከተማ፤ ከ207 ኪሎ ወደ 82 ወረደ። እውነት ነው። ግን ሲነገር የሚዘለለውን ጨምርበት፦ በሐኪሞች ክትትል ሥር ነበር፣ ደምና ሽንቱ ይመረመር ነበር፣ ቪታሚንና እርሾ ይወስድ ነበር፣ ፖታሲየምና ሶዲየም በሐኪም ትእዛዝ ይሰጠው ነበር። ሲጀምርም ከ100 ኪሎ በላይ ትርፍ ስንቅ ነበረው። በዚያው ዘመን በሆስፒታል ተኝተው በረሃብ እንዲከሱ ሲደረግ ልባቸው ተጎድቶ የሞቱ ታማሚዎችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል፤ ዘዴው የተተወውም በዚህ ነው። የአንዱን መትረፍ ብቻ ይዘን አንፍረድ።

ሰሚት_72
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 5 ቀኑን ትቼዋለሁ። ማክሰኞ የግፊት ሐኪሜ ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ ከፈቀደ ቡናውን በ8 ቀን ቀንሼ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሬ ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ላይ በእርጎ እገድፋለሁ፤ 24 ሰዓት ብቻ። ባለቤቴ ቤት ናት። ግፊቱን ጠዋት ተኝቼና ቆሜ እለካለሁ። የቀረ ነገር ካለ ንገሩኝ።

የመድኃኒት_ቤት_ደጅ
መልካም ነው ወንድሜ። ለ24 ሰዓቱ ቢ1 አያስፈልግህም፣ ገንዘብህን አታባክን፤ ለ72ቱ ስትደርስ ይገዛል። ማክሰኞ ላብራቶሪ ስትሄድ «ኤሌክትሮላይት» ብቻ ብለህ ካዘዝክ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ ብቻ ሊሠሩልህ ይችላሉ፤ ማግኒዥየምና ፎስፌት በስማቸው ይጻፉ በል። የክኒንህንም ፓኬት ይዘህ ሂድ፤ ቅዳሜ ጠዋት የምትውጠው ወይም የማትውጠው መሆኑን ሐኪሙ ወረቀት ላይ ይጻፍልህ።